ያልታየ ነገር ካርታ ይወጣለታል እንዴ?

የፒያሳው፦ ዛሬ ማኪያቶዬን እየጠጣሁ ሬዲዮ ላይ አንዱ "ሳይንቲስቶች የዳርክ ማተርን፣ የዚያን በስበቱ ብቻ የሚታወቅ የማይታይ ቁስ፣ ካርታ ሠሩ" ይላል። በሬ ወለደ! ማንም አላየውም፣ ማንም አልነካውም፣ ካርታ ግን አለው። እኔ የአባቴን ቤት ካርታ ለማውጣት ስንት ዓመት ተመላለስኩ።

አራት ኪሎ፦ የቤት ካርታ መሰለህ? ከሩቅ ጋላክሲ የሚመጣ ብርሃን መንገዱ ላይ ብዙ ክብደት ካለ ይታጠፋል፣ የጋላክሲው ቅርጽም በጣም በትንሹ ይንጋደዳል። በአንዱ አይታወቅም። የሚሊዮኖቹን ስትደምር ግን ክብደቱ የት እንደተከማቸ ይወጣል። በፈረንጆቹ 2023 የመጠቀው ዩክሊድ ቴሌስኮፕ የሚሠራው ይሄንን ነው። ባጭሩ ጥላውን ነው የሚያዩት።

ሚሚ፦ ጥላ?? ብርሃን እኮ ዝም ብሎ ያልፈዋል! "ዳርክ"፣ ጨለማ፣ የሚለው ስሙ ነው ያሳሳታችሁ።

የፒያሳው፦ ይኸው፣ እርስ በርሳቸው እንኳን አልተስማሙም። ጥላ አለው የለውም?

አራት ኪሎ፦ ለማለት ያህል ነው ያልኩት ባክህ።

የፒያሳው፦ "ለማለት ያህል" የሚባል ሳይንስ አለ እንዴ 😂

ጋሼ፦ ልጆች፣ ፕላኔቷ ዩራነስ መንገዱን ሲስት ሌቬሪዬ የሚባል የፈረንሳይ የሥነ ፈለክ ሊቅ "የሚስበው ነገር አለ" አለ፣ በፈረንጆቹ 1846 ኔፕቱን ተገኘ። ሜርኩሪም ሲስት ያው ሰውዬ ቩልካን የምትባል ፕላኔት አለች አለ። የለችም! ችግሩ የስበት ሕጉ ላይ ነበር፣ አንስታይን በ1915 ፈታው። ዳርክ ማተርስ ኔፕቱን ነው ቩልካን? ሚልግሮም የሚባለው የፊዚክስ ሊቅ በ1983 የስበት ሕጉን እንቀይር ያለው በከንቱ አይደለም።

ሚሚ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ቡሌት ክላስተርን ምን ሊያደርጓት ነው? ሁለት የጋላክሲ ክምችቶች ተላትመው ጋዙ መሃል ቀረ። በፈረንጆቹ 2006 የወጣው ካርታ ላይ ግን አብዛኛው ክብደት ከጋዙ ተለይቶ ወዲያና ወዲህ ነው። ሕጉን ብቻ ቢቀይሩ ይሄ ከየት ይመጣል?

ጋሼ፦ እሷ ታስቸግራለች፣ አልክድም። ግን ሳይንቲስቶቹ አሜሪካ፣ ደቡብ ዳኮታ ውስጥ 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል ከመሬት በታች ወርደው፣ 10 ቶን ፈሳሽ ዜኖን (ጋዝ ነው፣ ቀዝቅዞ ፈሳሽ የሆነ) ደቅነው ሲጠብቁ አንዲት የዳርክ ማተር ቅንጣት ይዘናል ብለዋል?

ቸርችል፦ የእንጦጦው ቴሌስኮፕ ትንሽ ስለሆነ ነው አይደል እኛ ይሄን ካርታ የማንሠራው? በዚህ ሁሉ መብራት ደግሞ ፒያሳ ላይ ኮከብ ካየሁ ቆየሁ።

አራት ኪሎ፦ መጠኑ አይደለም። የእንጦጦው መስታወት 1 ሜትር ነው፣ የዩክሊድም 1.2 ብቻ። እሱ ከአየር በላይ ነው፣ አየር ምስሉን ያንቀጠቅጠዋል።

የፒያሳው፦ አሁን ደግሞ አየር መጣ። ጥላውስ? አልመለስክልኝም።