የአስቤዛ ዝርዝር እንዴት ላውጣ? የገዛነው ሳይበላ እየተበላሸ ነው

ጥያቄ (የጀሞዋ እናት)

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ9 እና የ4 ዓመት ልጆቻችን፣ ቤት የምታግዘን ልጅ ተጨምራ 5 ነን። ደመወዝ እንደገባ እሁድ ገበያ ወርደን የወሩን አስቤዛ አንድ ላይ እንሸምታለን። ጤፉ፣ ሽሮው፣ ዘይቱ አያስቸግረኝም። ቲማቲሙ ግን ሳይቆይ ይፈርጣል፣ ጎመኑ ይጠወልጋል፣ ድንቹ ያቆጠቁጣል። እንጀራ በሳምንት አንዴ ስለሚጋገር የመጨረሻው ይሻግታል። ጾም ሲገባ ደግሞ ወተትና እንቁላል ፍሪጅ ውስጥ ይቀራል። ኑሮው እንዲህ በተወደደበት ጊዜ ምግብ ሲደፋ ማየት ያማል። ዝርዝር ጽፌ ነው የምወጣው፤ እናንተ ግን እንዴት ነው የምታወጡት? በስንት ጊዜስ ትገዛላችሁ?

መልስ (ሒሳብ ሠራተኛዋ)

እህቴ፣ ደመወዝ በወር አንዴ ስለሚገባ ሁሉም ነገር በወር አንዴ ይገዛ ማለት አይደለም። ደመወዝ የገባ ቀን የወሩን ገንዘብ ለዪው እንጂ ዕቃውን ሁሉ አትግዢው። ጤፍ፣ ምስር፣ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ዘይት፣ ስኳር በወር ይገዛ። ሽንኩርት፣ ድንች፣ ካሮት በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ። ቲማቲም፣ ጎመን፣ ሰላጣ፣ ቃሪያ ግን ለሁለት ለሦስት ቀን የሚበቃ ብቻ። የዚህን ገንዘብ ለብቻው ፖስታ ውስጥ አስቀምጪው።

«ጉሊት ይወደዳል» የሚሉ አሉ። እስቲ እናስላው። እሁድ ገበያ ቲማቲም ኪሎው 40 ብር ነው ብንል 5 ኪሎ 200 ብር ነው። 2 ኪሎው ከተበላሸ የተበላው 3 ኪሎ ብቻ ነው፤ አንዱ ኪሎ ወደ 67 ብር ወጣበት ማለት ነው። ጉሊት ኪሎው 55 ቢሆን እንኳ ለ3 ኪሎ የምትከፍይው 165 ነው። ጉሊት ደግሞ በመደብ ስለሚሸጥ ለዛሬና ለነገ የሚሆነውን ብቻ ማንሳት ትችያለሽ።

መጠኑን ለማወቅ አንድ ወር ብቻ ታገሺ። አዲስ ዕቃ ስትከፍቺ ቀኑን ላዩ ላይ ጻፊበት፣ ሲያልቅም ጻፊ። 5 ሊትር ዘይት ስንት ቀን እንደሚሄድ ከዚያ ወዲህ በግምት አይሆንም።

መልስ (እማማ ዘሽሮ ሜዳ)

ልጄ፣ እኔ ስለ እንጀራው ልንገርሽ። እንጀራው ከምጣድ ሲወጣ በትኩሱ አትደራርቡት። ሰፌድ ላይ አንድ በአንድ በርዶ፣ እንፋሎቱ ወጥቶለት ነው መሶብ የሚገባው። በላብ ከተከደነ በሦስተኛው ቀን ይሻግታል፤ ክረምት ላይማ ይብሳል።

ደግሞ የተቦካው ሁሉ በአንድ ቀን መጋገር የለበትም። ግማሹን ጋግሩና የቀረውን ሊጥ ፍሪጅ አስገቡት፤ ብርዱ መኮምጠጡን ያዘገየዋል። ከሦስት ቀን በኋላ አውጥታችሁ ብርዱ ሲለቀው ጋግሩ። እንጀራው እንደማያልቅ ካወቃችሁ ደግሞ ሳይሻግት ቁረሱና ፀሐይ ላይ አድርቁት፤ ድርቆሽ ለጾምም ለፍስክም ፍርፍር ይሆናል።

መልስ (የሳሪሱ)

ትንሽ የሻጋታ ነጠብጣብ ብቻ ከሆነ እሱን ቆርጦ ማድረቅ አይቻልም እንዴ? ቤታችን እንደዚያ ነው የሚደረገው።

መልስ (የምግብ ሳይንስ ተማሪ)

ወንድሜ፣ እባክህ ይህን አታድርጉት። በዓይን የሚታየው ነጠብጣብ የሻጋታው ላይኛ ክፍል ነው። እንጀራ፣ ዳቦና ኬክ ለስላሳና ቀዳዳ ያለው ምግብ ስለሆነ ሥሩ ሳይታይ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። አንዳንዱ ሻጋታ የሚያመርተው መርዝ ደግሞ በማድረቅም በማሞቅም አይጠፋም። የሻገተ እንጀራ ይጣል፤ ለከብትም አይሰጥ። የእማማ ምክር ትክክል ነው፤ ድርቆሽ የሚሆነው ያልሻገተው ነው።

ስለ አትክልቱም ልጨምር። ድንችና ሽንኩርት አንድ ቅርጫት ውስጥ አይቀመጡ፤ አብረው ሲሆኑ ሽንኩርቱ ከድንቹ እርጥበት ይወስዳል። ሁለቱም ነፋስ የሚያገኝ ቦታ ይፈልጋሉ፤ ድንቹ ደግሞ ጨለማ። አረንጓዴ የሆነ ድንች ይመርራል፣ ሆድም ያማል። ሙዝ ሲበስል የሚያወጣው ጋዝ አጠገቡ ያለውን ቲማቲምና ጎመን ቶሎ ስለሚያበላሽ ለብቻው ይሁን። ጥሬ ቲማቲም ውጭ ይቆይ፤ ሲበስል ፍሪጅ ይግባ። ሊፈርጥ የደረሰውን በዚያው ቀን ስልስ አድርጋችሁ በትንንሽ ዕቃ ፍሪዘር ብታስገቡ አይጣልም።

መብራት ሲጠፋ የፍሪጁን በር አትክፈቱ። በሩ እንደተዘጋ ከሆነ ለ4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፤ ሞልቶ የታጨቀ ፍሪዘር እስከ 48 ሰዓት፣ ግማሹ ባዶ የሆነ እስከ 24 ሰዓት። የተሠራ ወጥ ፍሪጅ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ቀን ነው። ሰፈራችሁ መብራት የሚደጋገምበት ከሆነ ሥጋ በብዛት መግዛት አያዋጣም።

መልስ (የአራት ልጆች እናት)

የወተቱና የእንቁላሉ ነገር መፍትሔው የቀን መቁጠሪያው ላይ ነው። እኔ ብዕር ከማንሳቴ በፊት ጾሙን ነው የማየው። ረቡዕና ዓርብ ስለሚጾም ፍስክ የሚበላው በሳምንት 5 ቀን ነው፤ እሱም የተቆራረጠ ነው። ማክሰኞ ማታ የተረፈ የሥጋ ወጥ የሚበላው ሐሙስ ነው፤ ሐሙስ ካልተነካ ቅዳሜ ይደርሳል፣ ያኔ አልቆለታል። ስለዚህ የፍስኩን ወጥ ቅዳሜና እሁድ አሠሪው፣ ሐሙስ ለዕለቱ ብቻ ይሁን። ረቡዕና ዓርብ ሽሮ፣ ምስር፣ አትክልት።

ረጃጅሞቹን ጾሞች ደግሞ ቀደም ብለሽ ያዢያቸው፦ የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፣ ፍልሰታ ነሐሴ 1፣ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ብዙ ቤት የሚባክነው ቅበላ ላይ ነው፤ ሁሉም «ሊጾም ነው» ብሎ ሥጋውንም እንቁላሉንም ያከማቻል። የቅበላ ሳምንት እኔ አዲስ ከመግዛቴ በፊት ያለውን ነው የምጨርሰው። የተረፈ ሥጋ ቋንጣ ይሆናል፣ ቅቤው ይነጠርና ተከድኖ ይቀመጣል፤ የተነጠረ ቅቤ ጾሙን ሙሉ ይቆያል። በበዓለ ሃምሳ ግን ረቡዕና ዓርብም ፍስክ ስለሆነ ዝርዝሩ ይለወጣል። የ4 ዓመቱ ልጅሽ ስለማይጾም ወተቱን ለእሱ በሚበቃው ልክ ግዢ።

መልስ (ከቤተል)

እኛም በረመዳን ተመሳሳይ ችግር አለብን። ከአስር ሶላት በኋላ እየራበሽ ገበያ ከወጣሽ ቴምሩም፣ የሳምቡሳው ሊጥም፣ ፍራፍሬውም ከሚበላው በላይ ይሆናል፤ ፊጥራ (ጾም መፍቻ) ላይ ደግሞ ሰው ሾርባ ጠጥቶ ይጠግባል። እኔ የነገውን ዝርዝር ማታ ከተራዊሕ ሶላት በኋላ ጽፌ ጠዋት እገዛለሁ። ጾመኛ ሁሉ ቢሞክረው ይጠቅማል።

መልስ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ)

እዚህ እንጀራ በፌስታል ታሽጎ ከሱቅ ነው የምንገዛው። ሁለት ሁለቱን ለይተን በላስቲክ ጠቅልለን ፍሪዘር እናስገባና የሚበላውን ብቻ እናወጣለን። ሲሞቅ ትንሽ ውኃ እፍ ይባልበታል። ትኩሱን አያክልም፣ ለፍርፍር ግን ምንም አይለውም።

ጠያቂዋ

እግዜር ይስጥልኝ። እማማ፣ ስለ ሊጡ የነገሩኝን ከዚህ ሳምንት ጀምሮ አደርጋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። በሳምንቱ መሐል ጉሊት የምትወርደው የምታግዘን ልጅ ናት፤ ማንበብ ገና እየተማረች ነው። ወረቀት ብሰጣትም ያለውን ደግማ ትገዛለች። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ (የአራት ልጆች እናት)

ዝርዝሩን ለእሷ አትስጫት፣ ከእሷ ጋር አውጪው። ጓዳው ውስጥ ምን እንዳለ ከአንቺ ይልቅ የምታውቀው እሷ ናት። ማታ ራት ከተነሣ በኋላ ፍሪጁንና ቅርጫቱን አብራችሁ እዩ፤ ቀድሞ መበላት ያለበት ፊት ለፊት ይውጣ፣ የነገ ምሳ ከእሱ ይወሰን። ከዚያ የጎደለውን ብቻ በስልኳ በድምፅ ቅጂላት፦ «ሽንኩርት አለ፣ አትግዢ። ቲማቲም ሁለት መደብ፣ ጎመን አንድ እስር።» የሌለውን ብቻ ሳይሆን ያለውንም ንገሪያት። ጉሊት ደርሳ ጎመኑ ጠውልጎ ብታገኘው ቆስጣ ወይም ካሮት እንድትቀይርም ፍቀጂላት፤ ካልፈቀድሽላት የተባለችውን ይዛ ትመጣለች።