አስቸኳይ፦ ኩላሊቱ ከወጣ በኋላ የሽንት ኪም-1 ጨመረ፤ ምን ብዬ ልጻፍ?

ላብ ቱሉዲምቱ፦
ጤና ይስጥልኝ። እባካችሁ ቶሎ የሚመልስ ካለ። የሦስት ታካሚዎችን የሽንት ኪም-1፣ ማለትም የተጎዳ ኩላሊትና አንዳንድ የኩላሊት ካንሰር የሚያወጡትን ፕሮቲን፣ በኤላይዛ (ፕሮቲንን በፀረ እንግዳ አካል የሚለካ ምርመራ) ሠርቼ ፕሌቱ አሁን ተነበበ። ሦስቱም በካንሰር ምክንያት አንድ አንድ ኩላሊታቸው ወጥቷል። ከኦፕሬሽን በፊት የተቀመጠ ሽንት አለ፣ በኋላም የተወሰደ አለ። መውረድ ሲገባው ጭራሽ ወጣ! አንዱ ከ1100 ወደ 2600 ነው የዘለለው። የስታንዳርድ ከርቩ (መጠናቸው በሚታወቅ ናሙናዎች የተሠራው ማነጻጸሪያ) ደህና ነው፣ የአንድ ናሙና ጥንድ ዌሎችም (የፕሌቱ ጉድጓዶች) ይቀራረባሉ። ሐኪሙ ነገ ጠዋት ውጤት ይጠብቃል። «ካንሰሩ የመመለስ አዝማሚያ አለው» ልበል ወይስ ኪቱ ነው የተበላሸው? መብራት መጣ ሄደ እያለ ነው፣ ስልኬም 9 ፐርሰንት ነው ያለው።

አባ ፒፔት፦
ድገሚው። ግን መጀመሪያ ሽንቱን ሴንትሪፉጅ አድርጊ፤ 2000 ጂ፣ 10 ደቂቃ።

የኮዬው ኬሚስት፦
2600 ምን? ፒኮግራም በሚሊ ሊትር? በክሪያቲኒን፣ ማለትም ሽንቱ መቅጠን መወፈሩን በሚያሳየው ቆሻሻ፣ አካፍለሻል? ካላካፈልሽ ገና ውጤት የለሽም።

ጋሼ ሪኤጀንት፦
ከመሠረቱ እንነሳ። ኪም-1 በጤነኛ ኩላሊት ላይ እምብዛም አይገኝም። ፕሮክሲማል ቲዩቡል የሚባለው የኩላሊት ቱቦ ሲጎዳ ሴሎቹ ያወጡታል፤ የፕሮቲኑ የውጭ ክፍል ተቆርጦ ሽንት ውስጥ ይገባል። ክሊር ሴል እና ፓፒላሪ የተባሉት የኩላሊት ካንሰር ዓይነቶች ከዚሁ ቱቦ ጋር ስለሚዛመዱ ብዙዎቹ ያመርቱታል። ክሮሞፎብ የተባለው ግን ከሌላ የቱቦ ክፍል ስለሚነሳ በኪም-1 አይያዝም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ የፓቶሎጂ ወረቀቱ ምን ይላል ነው። ሁለተኛው ደግሞ…

ሚኒባስ ተራ፦
ጋሼ፣ ሁለተኛው ላይ ሳይደርሱ የልጅቷ ስልክ ይዘጋል 😂

አባ ፒፔት፦
ሴንትሪፉጅ አደረግሽው?

ፓቶ ለገጣፎ፦
እኔ የምጣላው ከጥያቄው ጋር ነው። ዕጢው ከነኩላሊቱ ወጥቷል። ከአሁን በኋላ የምትለኪው ሽንት ከቀረው ኩላሊት የሚመጣ ነው። ካንሰሩ ቢመለስ ከሁሉ በላይ የሚታየው ሳንባ ላይ ነው፤ ሳንባ ደግሞ ወደ ፊኛ አይፈስም። እዚያ ያለ ዕጢ ኪም-1 ቢለቅ የሚለቀው ወደ ደም ነው፣ ፕሮቲኑም ትልቅ ስለሆነ በኩላሊት ወንፊት በቀላሉ አያልፍም። ለዚህ ነው መመለስን ለመተንበይ በቅርቡ በትልልቅ ጥናቶች የተለካው የፕላዝማ ኪም-1 የሆነው። በሽንት ኪም-1 «ተመለሰ» ብሎ መጻፍ ከቦሌ የተነሳን ሰው ሰበታ ላይ ቆሞ እንደመጠበቅ ነው።

ማስ ስፔክ ናፋቂ፦
ፓቶ፣ ስለ ኪም-1 ልክ ነህ፤ ሽንትን በጅምላ መጣል ግን አይገባም። ግሉኮሳሚኖግሊካን የሚባሉት የስኳር ሰንሰለቶች፣ ማለትም ኮንድሮይቲን ሰልፌት፣ ሄፓራን ሰልፌትና ሃያሉሮኒክ አሲድ፣ በክሊር ሴል ካንሰር ጊዜ በደምም በሽንትም ስርጭታቸው ይለወጣል። ዕጢው የትም ይሁን የትም ለውጡ ሽንት ላይ ሊነበብ ይችላል የሚለው ሐሳብ እየተጠና ያለው በዚህ ነው። ችግሩ በኤላይዛ አለመሠራቱ ነው፤ ማስ ስፔክትሮሜትር፣ ሞለኪውሎችን በክብደታቸው የሚለይ ማሽን፣ ይፈልጋል። ቱሉ ዲምቱ ላይ ያላት ካለ ንገሩኝና ዛሬውኑ እመጣለሁ።

የኮዬው ኬሚስት፦
ክርክሩ ይቆየን፣ ልጅቷ ነገ ጠዋት ውጤት ትሰጣለች። እህቴ፣ አራት ነገር ጻፊልን፦ የእያንዳንዱን ሽንት ክሪያቲኒን፣ ከኦፕሬሽኑ ስንት ቀን በኋላ እንደተወሰደ፣ ናሙናው የት እንደቆየ፣ የወሰዱትን መድኃኒት።

ላብ ቱሉዲምቱ፦
ቻርጅ ላይ ነኝ። ክሪያቲኒኑን አሁን ሠራሁት፣ በሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ነው።
አንደኛው፦ በፊት ኪም-1 1100፣ ክሪያቲኒን 40። በኋላ 2600፣ 180። አምስተኛ ቀን።
ሁለተኛው፦ በፊት 900፣ 60። በኋላ 1300፣ 145። አምስተኛ ቀን።
ሦስተኛዋ፦ በፊት 1500፣ 75። በኋላ 4200፣ 100። ሁለተኛ ቀን። ጄንታማይሲንና ዳይክሎፌናክ ላይ ነበረች፤ የደም ክሪያቲኒኗ ከ0.9 ወደ 1.9 ወጥቷል።
የሁሉም ኪም-1 በፒኮግራም በሚሊ ሊትር ነው። ናሙናው ኔጋቲቭ 20 ዲግሪ ፍሪዘር ውስጥ ነው የቆየው። መሀል ላይ አንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ነበር፣ አስፈላጊ ስላልመሰለኝ ነው ያልጻፍኩት።

ሚኒባስ ተራ፦
«አስፈላጊ ስላልመሰለኝ» የሚለው በፍሬም ይሰቀልልን።

የኮዬው ኬሚስት፦
እሺ፣ እናስላው። ክሪያቲኒኑን ለ100 ስታካፍይ ወደ ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር ይለወጣል፤ ከዚያ ኪም-1ን በእሱ አካፍይ።
አንደኛው፦ 1100 ለ0.4፣ 2750። በኋላ 2600 ለ1.8፣ 1444። ወርዷል።
ሁለተኛው፦ 1500 ነበር፣ በኋላ 897 ገደማ። ወርዷል።
ሦስተኛዋ፦ 2000 ነበር፣ በኋላ 4200። የእውነት ወጥቷል።
የሁለቱ «መውጣት» የውሃ ጉዳይ ነበር። ከኦፕሬሽን በፊት ሽንታቸው ቀጥኗል፣ በኋላ ወፍሯል። ኪቱ አልተበላሸም።
ሦስተኛዋ ላይ ካንሰር የሚለውን ቃል አታንሺ። አንድ ኩላሊት ሲወጣ የደም ክሪያቲኒን ጥቂት መጨመሩ ያለ ነው፤ በሁለተኛው ቀን ከእጥፍ ማለፉ ግን የቀረው ኩላሊት መጎዳቱን ያመለክታል። ጄንታማይሲን ራሱ ያንኑ ቱቦ ነው የሚጎዳው፤ ዳይክሎፌናክ ደግሞ ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳል። ሌላም አለ፦ ኩላሊት በድንገት ሲደክም በሽንት የሚወጣው ክሪያቲኒን ይቀንሳል፣ ማካፈያው ያንሳል፣ ውጤቱ ይጋነናል። ስለዚህ 4200ውን ቃል በቃል አትውሰጂው። ነገን ሳትጠብቂ አሁኑኑ ለሐኪሙ ደውዪለት፣ መድኃኒቶቹን ያያቸው። የዚህ ሁሉ ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው።

አባ ፒፔት፦
እኔም ለማለት የፈለግኩት ይህንኑ ነው። ግን ሴንትሪፉጅ…

እመት ፍሪዘር፦
አባ ፒፔት ተው። የቀለጠ ሽንት ላይ ሴንትሪፉጅ መጀመሪያ ከመጣ ጉዳት ነው። ሴንትሪፉጅ የሚደረገው ሽንቱ ትኩስ ሳለ፣ ከመቀዝቀዙ በፊት፣ ሴሎቹን ለማውጣት ነው። በረዶ ሆኖ የቀለጠ ሽንት ነጭ ዝቃጭ ይሠራል፤ ዩሮሞዱሊን የተባለ የሽንት ፕሮቲንና ጨዎች ናቸው፣ ሌሎች ፕሮቲኖችንም ይዘው ይወርዳሉ። ያንን አሽከርክረሽ ብትጥዪ ውጤቱንም አብረሽ ጣልሽ። በ37 ዲግሪ ለጥቂት ደቂቃ አሙቂው፣ በደንብ ቮርቴክስ አድርጊው (በማሽን ናጪው)፣ ከዚያ ቅጂ።
መብራት ስለጠፋበት ሌሊት፦ ኪም-1 ቻይ ነው፣ አንዴ ቢቀልጥ ብዙም አይጎድልም። ግን ቀለጠ ወይስ አልቀለጠም የሚለውን መዝግቢው። ለወደፊቱ ፍሪዘሩ ውስጥ ውሃ የቀዘቀዘባት ትንሽ ቱቦ ገልብጠሽ አኑሪ፤ በረዶው ወደ ክዳኑ ከወረደ ሌሊት ቀልጦ እንደነበር ታውቂያለሽ። ሽንቱንም በ1 ሚሊ ሊትር ከፋፍለሽ አስቀምጪ እንጂ አንዱን ቱቦ ደጋግመሽ አታቅልጪ።

ጋሼ ሪኤጀንት፦
ሁለተኛው ነጥቤ፣ አኳፖሪን-1 እና ፔሪሊፒን-2 የተባሉት ፕሮቲኖች ቢጨመሩ ጥሩ ነው። በክሊር ሴልና በፓፒላሪ ታካሚዎች ሽንት ላይ ከፍ ብለው ተገኝተዋል፣ ዕጢው ሲወጣም ይወርዳሉ።

እመት ፍሪዘር፦
ጋሼ፣ ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ በኔጋቲቭ 20 ግን አይሆንም። አኳፖሪን-1 ሽንት ውስጥ በአብዛኛው ኤክሶሶም በተባሉ ጥቃቅን ከረጢቶች ላይ ተሳፍሮ ነው የሚገኘው፤ ኔጋቲቭ 20 ላይ ደግሞ ከከረጢቶቹ ብዙዎቹ ይጠፋሉ። ኔጋቲቭ 80 ከሌለ ባይጀመር ይሻላል።

ሚኒባስ ተራ፦
ከሆስፒታል እስከ ቱሉ ዲምቱ በምን መጣ ብሎ የጠየቀ የለም? ሽንቱ ከኛ ጋር ሰልፍ ይዞ ከሆነ ቀልዴ ጥያቄ ይሁንልኝ።

እመት ፍሪዘር፦
ቀልድ አይደለም። አይስ ፓክ ባለው ሳጥን ካልመጣ ባክቴሪያ ይራባል፣ ፕሮቲኑም ይቆረጣል። ሲደርስ ዲፕስቲክ (የሽንት መመርመሪያ ወረቀት) ንከሪበት፤ ደም ወይም ሉኮሳይት (ነጭ የደም ሴል) ካለ ያንን ናሙና ለይተሽ ጻፊ።

ፓቶ ለገጣፎ፦
የሪፖርቱን ቃል እኔ ላዋጣ፦ «የሽንት ኪም-1፣ በክሪያቲኒን የተስተካከለ፣ ለምርምር ብቻ። ናሙናው በኦፕሬሽን ሰሞን የተወሰደ ስለሆነ ስለ ካንሰሩ መመለስ አይናገርም። ቁስሉና ኩላሊቱ ከረጋ በኋላ፣ ቢቻል ከ3 ወር በኋላ፣ አዲስ መነሻ ይወሰድ።» ለሐኪሙም በቃል ንገሪው፦ ስጋቱን የሚለካለት የሊቦቪች ነጥብ ነው፤ ለክሊር ሴል ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። የዕጢው ደረጃ፣ የሊምፍ ኖድ፣ 10 ሴንቲ ሜትር መድረስ አለመድረሱ፣ የሴሉ ግሬድ (ከጤነኛው ምን ያህል እንደራቀ) እና ኔክሮሲስ (የሞተ የዕጢ ክፍል መኖሩ) ይደመራሉ። ከ0 እስከ 2 ዝቅተኛ፣ ከ3 እስከ 5 መካከለኛ፣ 6ና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ስጋት ነው። ከፍተኛ የሆነው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በየ3 እስከ 6 ወሩ የደረትና የሆድ ሲቲ ስካን ይነሳል። ሽንት ይህን አይተካም።

ማስ ስፔክ ናፋቂ፦
ገና አይተካም።

ፓቶ ለገጣፎ፦
እሺ፣ ገና።

የኮዬው ኬሚስት፦
ላብ ቱሉዲምቱ፣ የሦስተኛዋን 1 ለ2፣ 1 ለ4፣ 1 ለ8 አቅጥነሽ ሥሪው። መልሰሽ ስታባዢው ልዩነቱ ከ20 ፐርሰንት ካለፈ ሽንቱ ራሱ ኤላይዛውን እያወከ ነው። ለሐኪሙ ደወልሽ?

አዲስ ገቢ፦
ይቅርታ፣ ከርዕሱ ወጣሁ። የተረፉ የፕሌት ስትሪፖች ከተከፈቱ በኋላ ይቆያሉ?

እመት ፍሪዘር፦
ከእርጥበት መምጠጫው ከረጢት ጋር ወደ ፎይሉ መልሰህ በደንብ ዝጋው፣ ፍሪጅ ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ። ፍሪዘር ውስጥ አይገባም። ስንት ቀን እንደሚቆይ የኪቱ ወረቀት ላይ አለ፤ የተቀላቀለ ስታንዳርድ ግን ለነገ አታስቀምጥ።