ቃጠሎ ላይ ኤሮሞናስ የተባለ ባክቴሪያ የወጣበት ታካሚ፣ ምን ትላላችሁ?

ሲስተር ከዞን፦
ሰላም ጓዶች፣ አንድ ኬዝ አስጨንቆኛል። የሚጥል በሽታ ያለበት ጎረምሳ ነው፣ ምድጃ ላይ ወድቆ ክንዱና ደረቱ ተቃጥሎ ቤተሰቦቹ ሮጠው ከብት የሚጠጣበት ኩሬ ውስጥ ነከሩት። እኛ ጋ ሲመጣ ሴፍትሪያክሰን (አንቲባዮቲክ) ጀመርን፣ ሲልቨር ሰልፋዳያዚን (የቃጠሎ ቅባት) እየቀባን ድሬሲንግ እየቀየርን ነበር፣ በሦስተኛው ቀን ግን ትኩሳት ጀመረው፣ የክንዱ ቁስል ጠቆረ፣ ዙሪያው ቀላ፣ ሽታውም ሌላ ሆነ። ሱዶሞናስ (ቃጠሎ ላይ የተለመደ ሌላ ባክቴሪያ) ስጠብቅ ካልቸሩ (የላብ የባክቴሪያ ምርመራው) ኤሮሞናስ ሃይድሮፊላ ብሎ መጣ። መድኃኒት መቀየር ብቻ ይበቃል?

የሰርጀሪ ሬዚደንት፦
አይበቃም ሲስተር። የጠቆረው ሥጋ መነሳት አለበት፣ ይሄ ነገር ጡንቻ ድረስ ገብቶ በሰዓታት ውስጥ ሊስፋፋ ይችላል፣ ዛሬውኑ ኦአር (ቀዶ ሕክምና ክፍል) ይግባ። ባክቴሪያው የኩሬና የወንዝ ውሃ ነዋሪ ነው፣ አልቅት ሆድ ውስጥ ሳይቀር አለ፣ በአልቅት የሚያክሙ ሰርጂኖች ሲፕሮ (ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባለውን አንቲባዮቲክ) አብረው የሚሰጡትም ለዚህ ነው። አምፒሲሊን አይነካውም። ሴንሲቲቪቲው (ባክቴሪያው በየትኛው መድኃኒት እንደሚሸነፍ የሚያሳየው ምርመራ) ከፈቀደ ሲፕሮ ወይም ሴፌፒም ስጡት። ሜሮፔነም ከሁሉም ይበልጣል ብላችሁ ግን እንዳትሮጡ፣ ሃይድሮፊላ ካርባፔነም (እነ ሜሮፔነም ያሉበትን የመድኃኒት ቤተሰብ) የሚሰብር ኢንዛይም ሊኖረው ይችላል። የቲታነስ ክትባቱንም አረጋግጪ።

የላብ ልጅ፦
ዶክተር ያለው ልክ ነው። እኔ የምጨምረው፣ ኦክሲዴዝ (ባክቴሪያ መለያ ፈጣን ምርመራ) ፖዘቲቭ ስለሆነ ብቻ ሱዶሞናስ ብሎ የሚጽፍ አለ፣ ሁለቱም እኮ ፖዘቲቭ ናቸው። ኤሮሞናስ ግሉኮስ ፈርመንት ስለሚያደርግ (ስለሚያብላላ) የቲኤስአይ (ስኳር ያለበት የመመርመሪያ ማብቀያ) ቱቦው ታች ቢጫ ይሆናል፣ የሱዶሞናስ አይሆንም። እባካችሁ ሪኩዌስቱ (የምርመራ መጠየቂያ ወረቀቱ) ላይ "ኩሬ ውስጥ ተነክሯል" ብላችሁ ጻፉልን፣ ባዶ ወረቀት ልካችሁ ጠንቋይ አታድርጉን። ኦአር ሲገባ ደግሞ ከላይ የተጠረገ ስዋብ ሳይሆን ቁራጭ ቲሹ ላኩ።

እናት፦
ባለሙያ አይደለሁም ይቅርታ፣ ታዲያ ቧንቧ የሌለበት ገጠር ሰው በምን ያቀዝቅዝ?

የሰርጀሪ ሬዚደንት፦
ጥሩ ጥያቄ ነው እማ። ልብሱ እየነደደ ከሆነ ያገኙትን ውሃ ይድፉበት፣ ኩሬም ቢሆን። እሳቱ ከጠፋ በኋላ ግን ለመጠጥ ከተቀመጠው ንጹህ ውሃ ከጀሪካን ቀስ እያሉ ወደ 20 ደቂቃ ያፍስሱበት፣ ከዚያ በንጹህ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ጤና ጣቢያ። ሊጥና የጥርስ ሳሙና ይቅር።

ሲስተር ከዞን፦
ሰርጂኑን አስጠርቻለሁ፣ እየመጣ ነው። ሲፕሮ ሴንሲቲቭ ነው። ግን ሴፍትሪያክሰንም ሴንሲቲቭ ይላል እኮ፣ ለምን አልሠራም?

የሰርጀሪ ሬዚደንት፦
አንደኛ የሞተ ሥጋ ውስጥ ደም የለም፣ መድኃኒቱ በምን ይድረስ? ሁለተኛ ኤሮሞናስ መድኃኒቱን ሲያይ ኢንዛይሙን ማምረት ሊጀምር ይችላል፣ ወረቀቱ ላይ ኤስ (ሴንሲቲቭ) ያለው በሕክምናው መሀል ይከሽፋል። ሲፕሮውን አሁን ጀምሩለት፣ ኦአሩን ግን እንዳታዘገዩት።