በኤስኤፍቲፒ በቁልፍ መግባት አቃተኝ፤ እባካችሁ አግዙኝ

ጤና ይስጥልኝ። የቢሮአችንን የየዕለት ባክአፕ ከዊንዶውስ ኮምፒውተር ወደ ኡቡንቱ ሰርቨር በኤስኤፍቲፒ (ፋይል በተመሰጠረ መስመር መላኪያ ዘዴ) እልካለሁ። እስካሁን በፓስወርድ ነበር፤ ሎጉን ሳየው ግን የማላውቃቸው አድራሻዎች ሌሊቱን ሙሉ ፓስወርድ ሲሞክሩ ያድራሉ። ደነገጥኩና በፓስወርድ ፈንታ በቁልፍ (ጥንድ ሆኖ በሚሠራ የመግቢያ ፋይል) ወደ መግባት ልቀይር ተነሣሁ።

በፑቲጄን (ቁልፍ መሥሪያ ፕሮግራም) ባለ 4096 ቢት አርኤስኤ የተባለውን ዓይነት ቁልፍ ሠራሁ። ፕራይቬት ኪዩ (ሚስጥራዊው ግማሽ) እኔው ጋ ነው፤ ለማንም አልሰጠሁም። ፐብሊክ ኪዩን (ለሰርቨሩ የሚሰጠውን ግማሽ) ሰርቨሩ ላይ ኦቶራይዝድ ኪይስ ፋይል (ሰርቨሩ የሚቀበላቸው ቁልፎች ዝርዝር) ውስጥ ጨመርኩ። መጀመሪያ የገለበጥኩት ፑቲጄን ሴቭ ያደረገውን ባለብዙ መስመር ፋይል ነበር፤ ያ እንደማይሠራ ሲገባኝ በአንድ መስመር የተጻፈውን ተካሁበት። ይህ ፋይል ያለበትን የኤስኤስኤች ፎልደር ፈቃድ 700፣ የፋይሉን 600 (ሁለቱም ለባለቤቱ ብቻ የተፈቀዱ) አድርጌያለሁ። አሁንም ፋይል የምልክበት ፕሮግራም፣ ዊንኤስሲፒ፣ ሰርቨሩ ቁልፉን እንዳልተቀበለው ይነግረኝና ፓስወርድ ይጠይቀኛል።

አንድ የምጠረጥረው ነገር አለ። የተጠቃሚው ሆም ፎልደር (የኤስኤስኤች ፎልደሩ ያለበት የግል ፎልደር) ፈቃድ ራሱ 775 (ከባለቤቱ ሌላ የቡድኑ አባላትም የሚጽፉበት) ነው፤ ባልደረቦቼ እንዲጽፉበት ብዬ የከፈትኩት። ሰርቨሩ ቁልፉን የማይቀበለው በዚህ ይሆን? ወደ 755 (ባለቤቱ ብቻ ወደሚጽፍበት) ብመልሰውስ እነሱ የሚጽፉበትን ፎልደር የት ላድርገው?

ቁልፉ ሳይሠራ የፓስወርድ መግቢያውን መዝጋት ፈራሁ። ሰርቨሩ ያለው ሌላ ከተማ ነው፤ ከተቆለፈብኝ ሄጄ የምከፍትበት መንገድ የለኝም።