ልጄን ምን ብዬ ላናግረው?

ልጅ ያሳደጋችሁ እስቲ ምከሩኝ። የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ልጄ 18 ሞልቶት ሰኔ 14 ቀን 2013 ለመጀመሪያ ጊዜ መረጠ። ሰልፉ አይጣል ነበር፤ የምርጫ ጣቢያዎቹ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ክፍት ይሁኑ የተባለ ዕለት አይደል? እሱ ግን እየሳቀ ነው ቤት የገባው።

ሐምሌ 3 ውጤቱ ተነገረ፤ ከ436 የፓርላማ መቀመጫ ብልጽግና 410፣ እሱ የመረጠው ኢዜማ 4። ከዚያ ወዲህ ሳቅ የለም። ትናንት ጥፍሩ ላይ የቀረችውን ቀለም በምላጭ ሲፍቅ አገኘሁት። «እማ፣ ሁለተኛ አልመርጥም፤ አገሩንም ለቅቄ ነው የምሄድ» አለኝ።

እኔ የ97ን ምርጫ አይቻለሁ። ቅንጅት ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 መቀመጫ 137ቱን አሸንፎ፣ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ፤ የሰፈራችን እናቶች ስንቅ ይዘው ልጆቻቸውን ፍለጋ በየፖሊስ ጣቢያው ሲንከራተቱ ነበር። እና እውነቱን ልንገራችሁ፣ ተስፋ ቆርጦ ቤት መዋሉ በአንድ በኩል እፎይ አሰኝቶኛል። በሌላ በኩል ግን በዚህ ዕድሜው እንዲህ ሲጨልምበት ማየቱ አንጀቴን ይበላኛል።

አባቱ «ተዪው፣ ይበርድለታል» ባይ ነው (ለሱ ሁሉም ነገር ይበርዳል)። ጎመን በጤና ብዬ ልተወው? «ከአምስት ዓመት በኋላም ምርጫ አለ» ብለው ደግሞ ይስቅብኛል። እንዲህ ያለ ልጅ የገጠማችሁ፣ ከየት ጀምራችሁ አናገራችሁት?