የአያቴ የናስ ዕቃ ምንድን ነው?

የማርቆስ ልጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አያቴ መንገድ ሲቀየስ ቀይና ነጭ የተቀባ ዘንግ ይዘው የሚቆሙ ሰው ነበሩ። ሳጥናቸው ውስጥ ከባድ የናስ ዕቃ አገኘሁ። መነጽር አለው፣ ከሥሩ እስከ 360 የተቆጠረ ክብ፣ ደግሞ ውሃ ልክ። ጎረቤቴን ባየው ተዘቅዝቆ ቆሟል! ተበላሽቶ ነው? በሎሚና በአመድ ልወልውለው?

ቀያሹ፦ ኧረ እንዳትነካው! ቴዎዶላይት ነው፣ የቀያሾች ማዕዘን መለኪያ። የድሮዎቹ ብዙዎቹ ምስል ይገለብጣሉ፣ ጤነኛ ነው። ክቡ ላይ ያሉት ጭረቶች እንደ ፀጉር የቀጠኑ ናቸው፣ በአመድ ካሸኸው ይጠፋሉ፣ ያኔ የሳሎን ጌጥ ብቻ ነው የሚሆንልህ። ሲሠራ በሦስት እግር መቆሚያ ላይ ታስረዋለህ፣ ቱምቢ አንጠልጥለህ ችካሉ ላይ ታስተካክላለህ፣ በውሃ ልኩ ታደላድለዋለህ። ከዚያ የጮቄን ጫፍ አይተህ ማዕዘኑን ታነባለህ፣ ሌላ ችካል ላይ ሄደህ ትደግማለህ። በችካሎቹ መካከል ያለውን በሰንሰለት ከለካህ፣ ተራራው ጋ ሳትደርስ ርቀቱን በሂሳብ ታወጣዋለህ።

የግሽ ሰው፦ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስም በ1770 እ.ኤ.አ. እኛ ሰፈር ሲመጣ ኳድራንት የሚባል የሩብ ክብ ማዕዘን መለኪያ ነበረው። የፀሐይን ከፍታ እየለካ ኬክሮስ፣ ማለትም ቦታው ከምድር ወገብ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ያወጣበት ነበር።

የማርቆስ ልጅ፦ እሺ፣ አመዱን ደፋሁት። ሎሚውን እናቴ ለሻይ ወሰደችው።