ክርክር፦ አዲስ አሰልጣኝ የተረከበውን ቡድን እንዳለ መበተን አለበት? የኮሎራዶ 2023

አወያይ፦ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን እ.ኤ.አ. በ2022 ከ12 ጨዋታ 11ዱን ተሸነፈ። ዲዮን ሳንደርስ ከጃክሰን ስቴት መጥቶ ቡድኑን ተረከበና ከነባሮቹ ባለስኮላርሺፖች 10 ያህሉን ብቻ አስቀርቶ ከ80 በላይ አዲስ ሰው አስገባ። በ2023 አራት አሸንፎ ስምንት ተሸነፈ። ልክ ነበር?

ቡፍ ነኝ፦ አንዴ ብቻ ያሸነፈ ቡድን ምኑ ይፈርሳል? አዲሱ ቡድን በመጀመሪያ ጨዋታው፣ ያውም ከሜዳው ውጪ፣ በቀደመው የውድድር ዓመት ለአገሪቱ ፍጻሜ ደርሶ የነበረውን የቲሲዩ ዩኒቨርሲቲን 45 ለ 42 ረታ። ኳርተርባኩ (ኳስ ወርዋሪው) ሸዱር ሳንደርስ፣ የአሰልጣኙ ልጅ፣ በዚያ ቀን 510 ያርድ ወረወረ። ቀጥሎ ነብራስካ 36 ለ 14፣ ከዚያ ኮሎራዶ ስቴት። ከስምንቱ ሽንፈቶች አምስቱ የሰባት ነጥብ ልዩነት ወይም ከዚያ በታች ናቸው። የስድስቱም የሜዳ ጨዋታዎች ትኬት ደግሞ ተሽጦ አለቀ።

የመስመር ሰው፦ ወንድሜ፣ መስከረምን ቆጥረህ ጥቅምትን አትዝለል። ከሦስቱ ድሎች በኋላ በዘጠኝ ጨዋታ ያሸነፉት አሪዞና ስቴትን ብቻ ነው። የጠፋው ኮከብ አይደለም፣ ኦፌንሲቭ ላይን (ወርዋሪውን የሚከልለው የፊት መስመር) ነው። ቡድኑ 56 ሳክ (ወርዋሪው ኳሱን ሳይለቅ መጣሉ) ገብቶበታል፤ 52ቱ ሸዱር ላይ ነው፣ ያውም በ11 ጨዋታ። ለመጨረሻው የዩታ ጨዋታ በጀርባ ጉዳት አልተሰለፈም።

ለምን እንደሚሆን ልንገርህ። ሁለት የተጋጣሚ ተከላካዮች ወደ ወርዋሪው እየገፉ ድንገት መንገድ ሲለዋወጡ፣ ከመስመሩ ሰዎች አንዱ፣ ጋርዱ፣ የያዘውን በጎኑ ላለው ለታክሉ አስረክቦ የሚመጣበትን መቀበል አለበት። አንዱ ግማሽ ሴኮንድ ከዘገየ ወይም ሁለቱም አንድ ሰው ተከትለው ከሄዱ በመካከላቸው በር ተከፈተ ማለት ነው። ይህን የሚያስተካክለው አብሮ መለማመድ ብቻ ነው። ኮሌጅ የሚፈቀድለት በፀደይ 15፣ ከውድድሩ በፊት ደግሞ 25 ልምምድ ነው። በ2023 በነበረው የኤፕሪል የዝውውር መስኮት የመጣ ተጫዋች 15ቱ አምልጠውታል። ፈጣን ተቀባይ በቀሩት 25 ይደርሳል፤ ታክል አይደርስም።

ሚዛን፦ በመሬት የሮጡትንም ጨምሩበት፤ በጨዋታ 68.9 ያርድ፣ ከአገሪቱ የመጨረሻው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። በኮሌጅ አቆጣጠር በሳክ የጠፋው ያርድ የሚቀነሰው ከሩጫው ነው፤ በፕሮፌሽናሉ ሊግ በኤንኤፍኤል ግን ከቅብብሉ። አንዱ ሳክ 6 ወይም 7 ያርድ ቢበላ፣ 56ቱ በየጨዋታው 30 ያርድ ያህል ሸርፈዋል። ተመልሶ ቢደመር እንኳ 100 አካባቢ ነው፤ ደካማ ነው።

የስታንፎርዱን ጨዋታ ያበላሸውም ይኸው ነው። እስከ እረፍት 29 ለ 0 መርተው በሁለተኛው ተጨማሪ ሰዓት 46 ለ 43 ተሸነፉ። መሪ ቡድን እየሮጠ ሰዓት ማስጨረስ አለበት፤ ያልተያዘ ቅብብል ሰዓቱን ያቆመዋል። መሮጥ ካልቻልክ ለተጋጣሚህ ጊዜ እያበደርክ ነው። የመከላከሉም ኃጢአት እንዳለ ሆኖ፤ የስታንፎርዱ ተቀባይ ኤሊክ አዮማኖር ብቻውን 294 ያርድ ወሰደባቸው።

ቡፍ ነኝ፦ እህቴ፣ ቁጥሩን ተቀበልኩ። ግን ሰውዬው ደንብ አልጣሰም። ያኔ አዲስ ዋና አሰልጣኝ በመጀመሪያ ዓመቱ ተጫዋች ቢቀንስ ትምህርት ቤቱ ስኮላርሺፑን እስካከበረ ድረስ ከ85ቱ የስኮላርሺፕ ኮታ አይቆጠርበትም ነበር። በዓመት 25 አዲስ የሚለው ገደብም በ2022 ለሁለት ዓመት ተነስቶ ነበር። በር ተከፍቶለት ለምን ቆሞ ይይ?

ሚዛን፦ የተቀነሰው ልጅ ክፍያው ይቀጥልለታል፣ ኳሱ ግን ቀረ። «ስኮላርሺፑ አልተነካም» ማለት ግማሽ መልስ ነው።

ዳር ቆሜ፦ ኢንዲያናን ማንም አላነሳም እኮ። በ2023 ሦስት አሸንፎ ዘጠኝ ተሸነፈ። ከርት ሲግኔቲ ከጄምስ ማዲሰን መጥቶ በ2024 11 አሸንፎ ሁለት ብቻ ተሸነፈ። እሱም ከዝውውር ገበያው በብዛት ሸምቷል። ልዩነቱ፣ ከድሮ ቡድኑ ከአሥር በላይ ተጫዋቾችና ሁለቱንም አስተባባሪዎቹን (የማጥቃቱንና የመከላከሉን አሰልጣኞች) ይዞ መምጣቱ ነው። ጨዋታ የሚጠራው (ቀጣዩን እንቅስቃሴ የሚያዝዘው) ሰውና ጥሪውን የሚሰማው ተጫዋች ቀድመው ይተዋወቃሉ። ኮሎራዶ ግን በውድድሩ መሃል የጥሪውን ሥራ ከማጥቃት አስተባባሪው ከሾን ሉዊስ ነጥቆ ለሌላው አሰልጣኝ ለፓት ሸርመር ሰጠ። መስመሩ ያኔም ገና አልተግባባም ነበር።

ቡፍ ነኝ፦ ኢንዲያና የተሸነፈው ለኦሃዮ ስቴትና ለኖትር ዳም ነው፤ የከበደው ሲመጣ ታየ። ሳንደርስም በ2024 ዘጠኝ አሸንፎ አራት ተሸነፈ፣ ተጫዋቹ ትራቪስ ሃንተርም ሃይስማንን (የኮሌጅ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት) ወሰደ።

የመስመር ሰው፦ ሃንተርና ሸዱር ሲሄዱ ደግሞ በ2025 ሦስት ድል፣ ዘጠኝ ሽንፈት።

ቡፍ ነኝ፦ እሺ፣ የ2022ቱን መስመር ይዞ ቢገባ ሳኩ ይቀንስ ነበር ነው የምትለው?

የመስመር ሰው፦ እንዳለ ይያዘው አላልኩም። ከነባሮቹ የሚጠቅሙ ሁለት ሦስት ይቀሩ፤ ሴንተር (የመስመሩ መሃል ሰው) ከተገኘባቸው በተለይ እሱ፣ ማን ማንን እንደሚይዝ የሚጠራው እሱ ስለሆነ። ሁለት ታክሎች በጃንዋሪ ይምጡ፣ 15ቱን የፀደይ ልምምድ ከሴንተሩ ጋር ይጨርሱ፣ ከኤፕሪል በኋላ በመስመሩ ላይ ሰው አይቀየር። ሌላውን ሰባ ሰው ቢያባርር ግድ የለኝም።